የአሳ ቢላህ ለምን ቶሎ ይደነዝዛል? ድንጋይ ከማስመጣትህ በፊት

ጥያቄው በአጭሩ ይኸው፦ «ባህር ዳር ሐይቁ ዳር አሳ እየሰነጠቅኩ ለሆቴሎች ፊሌቶ አቀርባለሁ። ሁለት ቀጫጭን የማይዝጉ ቢላዎች፣ አንድ ትልቅ የወጥ ቤት ቢላና ባለእጅ ከመኪና ባሌስትራ የሠራልኝ አንድ ቢላ አለኝ። የምስለው ከሱቅ በገዛሁት ባለሁለት ፊት ግራጫ ድንጋይ ነው። እንደሳልኳቸው ወረቀት ይቆርጣሉ፤ ግን ጥቂት ቆሮሶ እንደሰነጠቅኩ ይደንዛሉ። እህቴ ከዱባይ ልትመጣ ነው፣ አንድ ድንጋይ ላምጣልህ ብላኛለች። ቪዲዮ ላይ 3000/8000 የሚባል አይቻለሁ። እሱን ልበላት? የውሃ ይሻላል የዘይት? ወይስ አልማዝ?»

ወንድምዓለም፣ 3000/8000ውን ተወው። መጥፎ ድንጋይ ስለሆነ አይደለም። ለጢም ምላጭና ለጠንካራ የጃፓን ቢላ አሪፍ ነው። ላንተ ሥራ ግን የእህትህን ሻንጣ ከማክበድ ያለፈ ጥቅም የለውም። አንተ የሚያስፈልግህ አንድ 1000 ቁጥር ድንጋይ ነው (ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ድንጋዩ ይልማል)። ሻካራውን ደግሞ ሳታውቀው ገዝተኸዋል፤ ያ የናቅከው ግራጫ ድንጋይ እሱ ነው። እመለስበታለሁ።

ከዚያ በፊት ግን «ወረቀት ይቆርጣሉ፤ ጥቂት ቆሮሶ እንደሰነጠቅኩ ይደንዛሉ» ያልካት ነገር ላይ እንቁም። ሌላውን ሁሉ ባትጽፍልኝ እንኳ ይቺ ትበቃኝ ነበር። ምክንያቱም ይሄ የድንጋይ ችግር አይደለም፣ ቢያንስ በዋናነት አይደለም።

ቢላን በአንድ ጎን ስትስለው ብረቱ እየተበላ፣ እየተበላ ይሄድና ጠርዙ ላይ ሲደርስ ተቆርጦ አይወድቅም። ወደ ሌላኛው ጎን ይታጠፋል። በጣም ቀጭን ስለሆነ በዓይን አይታይም ማለት ይቻላል። ግን አውራ ጣትህን ከቢላው ጀርባ ተነስተህ በጎኑ ወደ ስለቱ፣ ከስለቱም ወደ ውጭ ብታንሸራትት (በስለቱ ርዝመት እንዳታስኬደው፣ ትቆረጣለህ!) ጫፉ ላይ ቆርቆር የሚያደርግ ነገር ይሰማሃል። እሱ ነው እጥፋቱ። መምጣቱ ጥሩ ምልክት ነው፤ ድንጋዩ የስለቱ ጫፍ ድረስ መድረሱን የሚያረጋግጥልህ እሱ ነው። ክፋቱ ሳይነሳ ከቀረ ነው። ቀጥ ብሎ ሲቆም ወረቀት ይቆርጣል፣ የክንድ ጠጉርም ይላጫል። አንተም «በቃ ተሳለ» ብለህ ወደ ሥራ ትገባለህ። ከዚያ የመጀመሪያው ቆሮሶ ቅርፊትና የጎድን አጥንት ሲነካው ይጋደማል፤ ወይም ተገንጥሎ ይወድቅና ከሥሩ የተቀዳደደ ድፍን ጠርዝ ይተውልሃል። ቢላው ደነዘ የምትለው ያኔ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን መጀመሪያውኑም አልተሳለም ነበር።

እጥፋቱ መቅረቱን ለማወቅ ከሶፍት የሚሻል መሞከሪያ አላገኘሁም። ቢላውን ስለህ ስትጨርስ ስለቱን ሶፍት ላይ በቀስታ ጎተት አድርገው። ጭረት ጭረት እያደረገ የሶፍቱን ክር ይዞ ከመጣ እጥፋት አለ ማለት ነው። ከመብራት ሥር ደግሞ ስለቱን ወደ ዓይንህ አዙረህ እየው። የተሳለ ጠርዝ ብርሃን አይመልስም፤ የሚያብረቀርቅ መስመር ወይም ነጥብ ካየህ እዚያ ቦታ ላይ ወይ ድንዝ ነው ወይ የተጋደመ እጥፋት አለ።

አሁን 8000 ድንጋይ ብትጨምርበት ምን ይሆናል? ያው እጥፋት ይወለወልና ይበልጥ እያብረቀረቀ ይቆማል። በመጀመሪያው ቀን ትደሰታለህ። በሁለተኛው ቀን እህትህን ትወቅሳለህ።

ቢላዎችህ የተሠሩበት ብረትም ጉዳዩ ውስጥ አለበት። ባለ ፕላስቲክ እጀታዎቹ ቀጫጭን ቢላዎች ሆን ተብሎ ለስለስ ባለ ብረት ነው የሚሠሩት። የአሳውን አከርካሪ ተከትለው መታጠፍ አለባቸው፣ አጥንት ሲነኩ መሸረፍ የለባቸውም፣ ውሃ ውስጥ ውለው መዛግም የለባቸውም። በሮክዌል የጥንካሬ መለኪያ አብዛኞቹ 54 እና 57 መካከል ናቸው። ቪዲዮ ላይ በ8000 ሲሳሉ የምታያቸው የጃፓን ቢላዎች ደግሞ 60 እና ከዚያ በላይ ናቸው። የአራትና የአምስት ቁጥር ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ድንጋይ ላይ ግን ሌላ ዓለም ነው። ጠንካራው ብረት እጥፋቱን ቶሎ ይጥላል፣ የተወለወለውን ጠርዝም ይዞ ይቆያል። ለስላሳው እጥፋቱን እንደ ማስቲካ ይለጥጠዋል። ከዚህኛው ጎን ስታነሳው ወደዚያኛው ይገለበጣል፣ ከዚያ ስታነሳው ወደዚህ። የተወለወለ ጠርዝ ብትሰጠውም አንድ ጠዋት አያውለውም።

ደግሞስ አሳ ላይ የተወለወለ ስለት ለምንህ? ከ1000 ድንጋይ የወጣ ስለት በማጉያ ቢታይ ጥቃቅን ጥርስ አለው። የአምባዛ ቆዳ ቅርፊት የለውም፤ ግን ጠንካራና የሚያዳልጥ ነው። ጥርስ ያለው ስለት ያዝ ያደርገዋል፣ በጣም የተወለወለው ላዩ ላይ ይንሸራተትብሃል። የቲማቲም ልጣጭም እንደዚያው ነው። እኔ የአሳም የልኳንዳ ቤትም ቢላ ከ1000 አሳልፌ አልስልም፤ የሚለምነኝ ሰው ካለ ጊዜዬን ከማባከን በቀር ቢላውን እንደማይጠቅመው ነግሬው ነው።

ስለ ቁጥር አንድ ነገር ልንገርህና እንለፍ፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ድንጋዩ ይልማል። እስከዚህ ቀላል ነው። ችግሩ የጃፓኑ 1000፣ የአውሮፓው ድንጋይ 1000 እና የብርጭቆ ወረቀት 1000 አንድ አለመሆናቸው ነው። በጃፓን መለኪያ 1000 ማለት ቅንጣቱ ከ11 እስከ 16 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ) ገደማ ነው፤ አሮጌውና አዲሱ ደረጃ ስለሚለያዩ ነው ሰፋ ያለው። ብርጭቆ ወረቀት ጀርባ ላይ ፒ1000 ተብሎ ከተጻፈ 18 ማይክሮን አካባቢ ነው። ድንጋይ ላይ ኤፍ1000 የሚል ካየህ ግን የአውሮፓው መለኪያ ነው፣ ከ4 እስከ 5 ማይክሮን፤ ለጃፓኑ 3000 ይጠጋል። 8000 የተባለው ከ1 እስከ 2 ማይክሮን ነው። የራስ ጠጉርህ ውፍረት ከ50 እስከ 100 ማይክሮን መሆኑን አስበህ መዝነው። እና በርካሽ የሚሸጡ ባለሁለት ቀለም ድንጋዮች ላይ «10000» ተብሎ ሲጻፍ በየትኛው መለኪያ እንደሆነ ካልተጻፈ ጌጥ ነው፣ ቁጥር አይደለም።

ወደ ግራጫው ድንጋይህ እንምጣ። በገለጽከው መሠረት ሲሊከን ካርባይድ ሳይሆን አይቀርም፣ ብዙ ሰው ካርቦረንደም የሚለው። ታሪኩ ያስቃል፦ አቺሰን የሚባል አሜሪካዊ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ሸክላ አፈርና የከሰል ኮክ በኤሌክትሪክ እያጋለ ሰው ሠራሽ አልማዝ ሊያወጣ ሲሞክር ይሄ ወጣለት፤ በ1893 ፓተንት አገኘበት። አልማዝ ባይሆንም በጥንካሬ ከአልማዝ ብዙም አይርቅም። በሞህስ መለኪያ አልማዝ 10 ሲሆን ይሄኛው ከ9 በላይ ነው። ስለዚህ ያንተን ቢላ እንደ ቅቤ ይበላዋል። ሱቅ ውስጥ የሚሸጡት ብዙ ጊዜ አንዱ ፊታቸው 120 አካባቢ፣ ሌላው 240 አካባቢ ነው። ለተሸረፈ ቢላ፣ ለወፈረ ስለት፣ ከዓመት በላይ ለተረሳ ቢላ የሚያስፈልገው ይሄው ነው። ሰው ሻካራ ድንጋይ ይፈራል፤ «ቢላዬን ይጨርስብኛል» ይላል። ቢላን ይበልጥ የሚጎዳው በልሙ ድንጋይ ለረጅም ሰዓት እየፈተጉ ማዕዘኑን ማበላሸት ነው።

አንድ ጉድለት አለበት፦ ብዙ ጊዜ ቀጥ ያለ አይደለም። ቀጥ ያለ ማስመሪያ ፊቱ ላይ አቁመህ ከበስተጀርባው ብርሃን አሳየው። መሃሉ ላይ ብርሃን ካለፈ ጎድጉዷል። ጎድጓዳ ድንጋይ ላይ ማዕዘን መጠበቅ አይቻልም፤ እጅህ የቱንም ያህል የጸና ቢሆን ድንጋዩ ራሱ ያዛባብሃል። ማስተካከያው ቀላል ነው። በእርሳስ ፊቱን በሙሉ መስመር በመስመር አስምርበት። ከዚያ ለስ ያለ የሲሚንቶ ወለል ላይ ውሃና ደቃቅ አሸዋ አፍስሰህ እርሳሱ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ድረስ እሸው። ያደክማል፣ አይዞህ። አንዴ ካስተካከልከው ቆይቶ ነው እንደገና የሚፈልግህ። ለአዲሱ 1000 ድንጋይ ግን ሲሚንቶ ወለል አታስነካው። እሱን ወፍራም መስታወት ላይ ውሃ የሚችል ሻካራ ብርጭቆ ወረቀት አንጥፈህ ታስተካክለዋለህ። ስለት ስትስልበት ሁልጊዜ መሃሉን ብቻ ካልተጠቀምክ ደግሞ ዘግይቶ ነው የሚጎደጉደው፤ ዳርና ዳሩንም አብላው።

ሐይቁ ዳር ጥቁር ለስላሳ ድንጋይ ላይ ሲስሉ ያየኸው ሁሉ ውሸት አይደለም፣ ይሠራል። ጣና ዙሪያ ያለው ድንጋይ በብዛት ባዛልት ነው። ውስጡ ያሉት ማዕድናት ግን ከተጠነከረ ብረት ብዙም አይበልጡም፤ ስለዚህ በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚበላው፣ እጥፋቱንም ያበዛዋል። የጀልባ ገመድ ለመቁረጥ ይበቃል። ለፊሌቶ አይበቃም።

አሁን ውሃ፣ ዘይት ወይስ አልማዝ? ያንተ ሥራ ቦታ ላይ ዘይትን አልመክርም። ኖርተን ኢንዲያ የሚባለው የዘይት ድንጋይ ዕድሜ ልክ የሚያገለግል ግሩም ዕቃ ነው፤ ከፋብሪካው ሲወጣ ዘይት ጠግቦ ነው የሚመጣው። ግን የሚፈልገው የማይበላሽ የማዕድን ዘይት ነው። የምግብ ዘይት ድንጋዩ ውስጥ ይደርቅና ይሙለጨለጫል፣ ቀዳዳውን ይደፍናል። የሞተር ዘይት ደግሞ ምግብ ላይ የሚያርፍ ቢላ አጠገብ ጨርሶ መድረስ የለበትም። ነጭ ጋዝ የሚጠቀሙም አሉ፤ የሆቴሉ ደንበኛ ፊሌቶው ጋዝ ጋዝ ሸተተኝ ሲል መልሱን አንተው ትሰጣለህ። ግራጫው ድንጋይህን እስካሁን ዘይት ካላስነካኸው በውሃ ብቻ ተጠቀምበት። ጠብ የሚያደርጉበት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ካለ ይበልጥ ጥሩ ነው። ዘይት ካጠጣኸው ግን በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግመህ ቦርሸው፤ ሙሉ በሙሉ ባይለቅም ይሻለዋል።

የውሃ ድንጋይ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው አሥራ አምስት ደቂቃ ገደማ ተነክሮ አረፋው እስኪያቆም ውሃ የሚጠጣ ነው። ለስለስ ያለ፣ ጭቃ የሚያወጣ፣ ለእጅ የሚመች፤ ግን ቶሎ ይጎደጉዳል። ኪንግ የሚባሉት የጃፓን ድንጋዮች ከዚህ ወገን ናቸው። ሁለተኛው ውሃ ረጨት አድርገህበት ወዲያው የሚሠራ ነው። ሻፕተን የሚባለውን ውሰድ። የእሱ 1000 ቁጥር ብርቱካናማ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚጎደጉደው። ይሄንን ግን ውሃ ውስጥ ነክረህ እንዳታሳድረው፤ ይለሰልሳል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። ሥራ መሃል ቆም ብለህ ሁለት ደቂቃ ለምትስል ሰው ሁለተኛው ይሻላል። ሁዳዴ ገብቶ ገበያው ሲደምቅ ድንጋይ እስኪነከር የሚጠብቅ ማን ነው?

ጭቃው ካነሳሁት አይቀር፣ ስትስል የሚወጣውን ጥቁር ጭቃ ቶሎ ቶሎ አጥበህ አትጣል። ብረቱን የሚበሉ ቅንጣቶች እዚያ ውስጥ አሉ። ድንጋዩ ሲደርቅ ብቻ ጥቂት ውሃ ጨምር። ቢላውን ግን ከአሳው ጋር ከማገናኘትህ በፊት በሳሙና እጠበው፤ ያ ጭቃ ብረትና የድንጋይ ዱቄት ነው።

አልማዝ ሦስተኛው ምርጫህ ነው፣ መጥፎም አይደለም። ብረት ሰሌዳ ላይ በኒኬል የተጣበቀ አንድ ሽፋን የአልማዝ ቅንጣት ነው። አይጎደጉድም፣ መንከር የለም፣ ቢወድቅ አይሰበርም፣ ሻንጣ ላይም ይቀላል። ሁለት ነገር እወቅበት። አንድ ሽፋን ብቻ ስለሆነ ከተጫንከው ቅንጣቱ ይነቀላል፤ ከተነቀለ አልቋል፣ ከሥሩ ሌላ የለም። ሁለተኛ፣ ቁጥሩ ተመሳሳይ ቢሆንም ከውሃ ድንጋይ ይልቅ ጥልቅ ጭረት ይተዋል። ዲ.ኤም.ቲ የሚባለው ኩባንያ በቀለም ነው የሚለየው፦ ሰማያዊው 45 ማይክሮን፣ ቀዩ 25፣ አረንጓዴው 9። አንድ ብቻ ከሆነ ላንተ ቀዩ ነው። አዲስ ሲሆን ከሚገባው በላይ ይሻክራል፤ ጥቂት ጊዜ ስትስልበት ይረጋጋል፤ ተበላሽቷል ብለህ አትደንግጥ።

ስለዚህ ለእህትህ የምትልክላት መልእክት እንዲህ ይሁን፦ «ወዲያው የሚሠራ 1000 ቁጥር የጃፓን የውሃ ድንጋይ፣ ርዝመቱ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ስፋቱ 7። ከጠፋ ቀዩን የአልማዝ ሰሌዳ።» 15 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ትናንሽ ድንጋዮች ርካሽ ናቸው፤ ያንተ ቀጭን ቢላ ግን ረጅም ነው፣ አጭር ድንጋይ ላይ እጅህ ይቆራረጣል። «ስብስብ» እያሉ ድንጋይ፣ ቀርከሃ ማስቀመጫ፣ ማዕዘን መያዣና ጓንት በአንድ ካርቶን የሚሸጡትን እንዳትገዛ ንገራት። በዚያ ዋጋ ውስጥ ለድንጋዩ የቀረው ገንዘብ ስንት እንደሆነ አስበው።

ድንጋዩ ሲመጣ አሳሳሉን ትንሽ እናስተካክል። ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ አንጥፍ፣ እንዳይንሸራተት። ማዕዘኑን እንዲህ ለካ፦ የቢላው ጀርባ ከድንጋዩ ከፍ የሚልበት ቁመት የቢላውን ስፋት ሩብ ሲሆን 15 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ሲሶ ሲሆን 20 ዲግሪ ገደማ። ሁለት ሴንቲ ሜትር ስፋት ላለው የፊሌቶ ቢላህ ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር መካከል ያዝ። የአምባዛ ጭንቅላት የምትመታበትን ትልቁን ቢላ ከሲሶ አታሳንስ፤ ያ ጭንቅላት ድፍን አጥንት ነው፣ ቀጭን ስለት ይሸርፍብሃል። ስለቱን በማርከር አጥቁረውና ሁለት ሦስቴ ድንጋዩ ላይ አስኪደው። ቀለሙ ከጫፉ ከተረፈ ጀርባውን ዝቅ አድርገኸዋል፣ ጫፉ ላይ ብቻ ከጠፋ ከፍ አድርገኸዋል ማለት ነው። ማርከር ከማንኛውም ማዕዘን መያዣ ዕቃ ይሻላል፣ ይረክሳልም።

ቀጫጩኑ ቢላ ስለሚታጠፍ በሌላኛው እጅህ ሁለት ጣት፣ ድንጋዩ ላይ ያለውን ቦታ ብቻ ተጫን፤ ጣቶችህም ከቢላው ጋር ይጓዙ። ጫፉ ጋ ስትደርስ እጀታውን ትንሽ ቀና ካላደረግከው ጫፉ ሳይነካ ይቀራል። የፊሌቶ ቢላ ደግሞ ሥራው ያለው ጫፉ ላይ ነው፣ መቼም ለአንተ አይነገርም።

ጭነቱን ለማወቅ የአሳ ሚዛንህን ተጠቀም። ድንጋዩን ላዩ ላይ አስቀምጠህ ዜሮ አድርገውና ሳል። ብረት ለመብላት ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ ይበቃል። እጥፋቱ በአንድ ጎን ከእጀታው እስከ ጫፍ ሙሉ በሙሉ እስኪሰማህ ድረስ ጎን አትቀይር። ቪዲዮ ላይ «በዚህ አሥር፣ በዚያ አሥር» የሚሉትን እርሳው፤ እጥፋቱ ነው የሚወስነው፣ ቆጠራ አይደለም። ሲመጣ ገልብጠህ በሌላኛው ጎን እንዲሁ አድርግ። ይሄን በግራጫው ጨርሰህ ነው ወደ 1000 የምትሄደው። በግራጫው እጥፋት ያላገኘህበት ቦታ በ1000 ይመጣል ብለህ አትጠብቅ፤ ብትጠብቅም ክንድህ ቀድሞ ይደክማል።

ከዚያ የመጣህበት ጉዳይ፣ እጥፋቱን መጣል። 1000 ድንጋይ ላይ ጭነቱን ወደ ግማሽ ኪሎ፣ ከዚያ ወደ 200 ግራም አውርድ። አንዴ በዚህ ጎን፣ አንዴ በዚያ፣ እየተፈራረቅክ፣ ስለቱ እየቀደመ ማለትም ከድንጋዩ ላይ ስስ ቁራጭ እንደምታነሳ ሆነህ ግፋው። ጀርባው እየቀደመ ከጎተትከው እጥፋቱን መልሰህ ታረዝመዋለህ። አሁንም ለስላሳው ብረት እምቢ ካለ ጀርባውን ጥቂት፣ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር፣ ከፍ አድርገህ በእያንዳንዱ ጎን ሁለት ሦስቴ በጣም በቀስታ አስኪደውና ወደ ቀድሞው ማዕዘንህ ተመልሰህ ጥቂት ድገም። እጥፋቱን ከሥሩ የሚቆርጠው ይሄ ነው። መጨረሻ ላይ አሮጌ የቆዳ ቀበቶ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተህ፣ ሻካራውን የውስጥ ፊት ወደ ላይ አድርገህ፣ ጀርባው እየቀደመ ጎትትበት። እዚህ ላይ መጎተት ይፈቀዳል፣ ቆዳው ብረት አይበላምና። ግን አትጫን፣ ቀበቶው ይሰረጉድና ስለቱን ያደበድበዋል። ሶፍቱን መልሰህ ሞክር። ክር ካልያዘ አበቃ።

በሥራ መሃል ስለቱ ላላ ሲል ሁልጊዜ ድንጋይ አያስፈልግም። ልኳንዳ ቤት ያሉት የሚያንጠለጥሉት ክቡ መሳያ ብረት ላንተ ዓይነቱ ለስላሳ ብረት ጥሩ ነው። እንደ ፊልም አታፋጨው፤ በቀስታ ሁለት ሦስት ጊዜ በቂ ነው። እሱም ከሌለህ የሲኒ ወይም የሴራሚክ ሳህን ቂጥ ገልብጥ። ያልተቀባው ሻካራ ቀለበት ብረት ይበላል፣ ለጊዜው ያወጣሃል። የምትቆርጥበትንም እይ። ሲሚንቶ ገበታ፣ ሴራሚክ ወይም የብረት ጠረጴዛ ላይ እየቆረጥክ ከሆነ የትኛውም ድንጋይ አያድንህም፤ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ መክተፊያ ይግባ። አሳውንም ከመሰንጠቅህ በፊት እጠበው፤ ቅርፊቱ ላይና ጉሮሮው ውስጥ ያለው አሸዋ ስለትን ከአጥንት በላይ ይበላል።

በግራይንደር የሚስሉልህን ጠቅሰህ አልጠየቅክም፤ ቅዳሜ ገበያ ስትሄድ ግን መፈተንህ አይቀርም። ፈጣን ነው፣ ብልጭታውም ያምራል። ግን ደረቅ ዲስክ ቀጭኑን ጠርዝ በሰከንድ ያግለዋል። ስለቱ ላይ ቢጫ ወይም ሰማያዊ ቀለም ካየህ ብረቱ ጥንካሬውን አጥቷል፤ ሰማያዊው ከ300 ዲግሪ አካባቢ መድረሱን ይነግርሃል። ቀለሙን ብታጸዳው እንኳ ጥንካሬው አይመለስም። ያንን ክፍል በሻካራ ድንጋይ በልተህ እስክታልፈው ድረስ ቢላው በተሳለ ቁጥር ይደነዛል። ቀለም ሳታይም ጠርዙ ሊጎዳ ይችላል፣ ምክንያቱም ጫፉ በጣም ቀጭን ስለሆነ ቀድሞ የሚግለው እሱ ነው።

የባለእጁን ቢላ መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኩት ከሌሎቹ ስለሚለይ ነው። ባሌስትራ ጥሩ ብረት ነው፣ በካርቦን ከብዙ የማይዝጉ ርካሽ ቢላዎች ይበልጣል። ጥራቱ ግን ሙሉ በሙሉ የሚወሰነው ባለእጁ እንዴት እንዳጋለውና እንዴት ውሃ ወይም ዘይት እንዳጠጣው ነው። ለማወቅ የብረት ሞረድ ስለቱ አጠገብ አስኪድ። ሞረዱ ነክሶ ብረት ካነሳ ለስላሳ ነው፤ ከላይ እንዳልኩህ አድርገህ ሳለው፣ ብዙ አትጠብቅበት። ተንሸራቶ ካለፈ፣ ሳይነክስ ድምፅ ብቻ ካወጣ፣ ጠንካራ ነው። እንዲህ ከሆነ ከቢላዎችህ ሁሉ ምርጡ እሱ ነው፤ እጥፋቱን ቶሎ ይጥላል፣ በ1000 የወጣ ስለቱም ከሌሎቹ ሦስቱ በላይ ይቆያል። ወፍራም ሆኖ ከተሠራ ግን መጀመሪያ በግራጫው ድንጋይ፣ ሩብ ስፋት ላይ ይዘህ፣ ትከሻውን (ከስለቱ በላይ ያለውን ወፍራም ክፍል) ብላው፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ይወስድብሃል። ዝገት የለመደ ስለሆነ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልለህ አታሳድረው፣ አድርቀህ አስቀምጠው። ድንጋዮቹን ደግሞ ጥላ ውስጥ አድርቅ። ከውሃ አውጥተህ በቀጥታ ፀሐይ ላይ ያሰጣኸው ድንጋይ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ የባህር ዳርን የቀትር ፀሐይ መቼም ታውቀዋለህ።